ባትሪ ድንጋይ ልለምን ሄጄ መርዶ አረዳሁ

ይህ ታሪክ ፖስት መደረግ ይገባዋል ወይ? እኔንጃ! ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። አራተኛው ይኸውላችሁ።

ባለፈው ሳምንት «ይህችን ልጅ ቤሩት ውስጥ የምታውቁ፣ በእግዚአብሔር ኢንቦክስ አድርጉልኝ» ብዬ ፎቶ የለጠፍኩት ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችሁ ሼር አድርጋችሁልኛል። «እህትህ ናት?» ያላችሁኝ አላችሁ። «እጮኛው ጠፍታበት ነው» ያላችሁም አላችሁ፤ አይቻለሁ።

እህቴም እጮኛዬም አይደለችም።

ገድያት ስለነበር ነው የፈለግኳት።

ቆይ፣ ቆይ! ፖሊስ አትጥሩ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነኝ። ኢንጂነሪንግ። ለሴሚስተር እረፍት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አክስቴ ዘነቡ ጋ ነው ያረፍኩት። የተማርኩት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ እሱም አብዛኛው ካልኩለስ ነው። ይህ ግን ለአክስቴ አይገባትም። ፍሪጁ ሲያንኮራፋ «ኢንጂነር!» አምፖል ሲቃጠል «ኢንጂነር!» የሽንት ቤቱ ውኃ አልወርድ ሲል «ኢንጂነር!»

እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። በሽታዬ ነው።

አክስቴ ከዚህ በፊት አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሻይ ታፈላ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ የቀረውን ዕቃ ለሠራተኞቹ በዕጣ አከፋፈሉ። ለሾፌሩ ፍሪጅ ደረሰው። ለጽዳት ሠራተኛዋ የሚሽከረከር ወንበር ደረሳት። ለአክስቴ ደግሞ ከጣሪያ ላይ የተነቀለ ነጭ፣ ክብ፣ የድስት ክዳን የሚመስል ነገር። ጭስ ሲሸተው የሚጮህ።

«ዕጣዬን ኮንዶሚኒየሙ ላይ ጨርሼዋለኋ!» ትላለች ስታወራው።

ግን አልጣለችውም። ሰው ቀጥራ ሳሎኗ ጣሪያ ላይ አስመታችው። እንግዳ ሲመጣ «ካሜራ ነው» ትላለች። ሽሮ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን እንኳን አንድም ቀን ጮሆ አያውቅም።

እስከዚያች ረቡዕ ሌሊት።

አሥር ሰዓት ላይ፣

ጢጥ!

ዝም አለ።

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣

ጢጥ!

መጀመሪያ ስልኬ መሰለኝ። ቀጥሎ የመብራቱ ካርድ ቆጣሪ። ተነስቼ አየሁት፤ ጤነኛ ነው። ከዚያ አይጥ መሰለኝ። አይጥ ደቂቃ ቆጥራ አትጮህም ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። እናንተ ተኝታችኋላ!

አክስቴ ከመኝታ ቤት ጮኸች፤ «አንተ ኢንጂነር! ያንን ነገር ዝም አታሰኘውም? አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሰርቪስ እሳፈራለሁ እኮ!»

«እሺ!» አልኩ።

ወንበር በወንበር ላይ ደርቤ ወጣሁና አወረድኩት። እጄ ላይ እንዳለ ጢጥ! አለብኝ። በስልኬ መብራት ጀርባውን አየሁት። በቀይ ቀለም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የሚጮኸው ባትሪው ሲደክም ነው። ወዲያውኑ በአዲስ ይተካል። ባትሪውን አውጥቶ መተው ለሕይወት አስጊ ነው።

ለሕይወት አስጊ!

እኔ እንግዲህ የተጻፈ ነገር የማከብር ሰው ነኝ። ፈተና ላይ «በእርሳስ ብቻ» ከተባለ ሦስት እርሳስ ቀርጬ የምሄድ ነኝ። ስለዚህ አላወጣሁትም።

አዎ፣ አውጥቼው መተኛት እችል ነበር። አሁን ገብቶኛል። ኮመንት ላይ አትድከሙ፤ ብሎኩ በሙሉ ነግሮኛል።

ባትሪዋ ያቺ አራት ማዕዘኗ ናት። ሱቅ የሚከፈተው አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ማን ጋ ትገኛለች? አንድ ፎቅ ወረድ ብሎ ያሉት እትዬ ብርቄ ትዝ አሉኝ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቃቂ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። አንድ ካርቶን የሬዲዮ ዕቃ እስካሁን አልጋ ሥር አለ። በዚያ ላይ ጾም ስለሆነ እትዬ ብርቄ በሌሊት ተነስተው ይጸልያሉ። በመስኮት አጎንብሼ ሳይ መብራታቸው በርቷል።

ስለ እትዬ ብርቄ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሰላም ትባላለች፤ ቤሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። በየእሑዱ ትደውል ነበር። ከገና ወዲህ ግን አልደወለችም። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ስልኳም አይሠራም። የላካት ደላላ ሲጠየቅ «ደህና ናት፣ ታገሡ» ነው የሚለው። ብሎኩ ውስጥ ስሟን የሚያነሳ ሰው የለም። ሁሉም በሆዱ አንድ ነገር ያስባል፤ በአፉ ግን ስለ ውኃ መጥፋት ያወራል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የሄድኩት!

ብርድ ስለነበር የአክስቴን ጋቢ ደረብኩ። ደረጃው ላይ የብሎኩ ጥበቃ ጋሽ ቱሉ ደረሱብኝ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሽ ቱሉ። ባትሪ ፈልጌ ነው።»

«ይኸው ባትሪ!» ብለው ዓይኔ ላይ አበሩብኝ።

«ይህንን አይደለም፤ ድንጋዩን።»

«ድንጋይ? በዚህ ሌሊት ማንን ልትፈነክት ነው?»

አስረዳኋቸው። ግማሹ ገባቸው መሰለኝ። «በል ብቻህን አታንኳኳ፣ ሌባ ነው ይላሉ» ብለው ተከተሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ነው የጨረሰን።

ቀስ ብዬ አንኳኳሁ። ሦስቴ።

አሁን እስቲ ነገሩን በእትዬ ብርቄ ዓይን እዩት። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሰማዩ ገና አልቀላም። በር ይንኳኳል፤ ይከፍታሉ። ጋቢ የደረበ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። (ስላስቸገርኳቸው አፍሬ ነው የደፋሁት።) ከኋላው አንድ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል። (ጋሽ ቱሉ ራሳቸውን ሊያኩ ነው ያወለቁት።)

ልጁስ ምን ይላል?

«እትዬ ብርቄ፣ አይደንግጡ።»

አይደንግጡ!

እናንተዬ፣ በዚህ አገር፣ በዚያ ሰዓት፣ «አይደንግጡ» ብሎ ባትሪ የሚለምን ሰው አለ? መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። በስልክ አይነገርም። ሰው ሥራ ላይ እያለ አይነገርም። ሊነጋ ሲል፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ቀስ ብሎ አንኳኩቶ ነው። እኔ አንዱንም ሳላጎድል ፈጸምኩት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላገኘሁትን መቶ ከመቶ እዚያ በር ላይ አገኘሁ።

እትዬ ብርቄ እኔን አዩ። ጋሽ ቱሉን አዩ።

«ሰላሜን?» አሉ።

«አይ፣ እኔ... ድንጋይ...» አልኩ።

እሳቸው የሰሙት «ልብዎን ድንጋይ ያድርጉት» ነው።

የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በእሱ አልቀልድም።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ወረዱ። «ወይኔ ሰላሜ! ወይኔ የኔ እመቤት!» ማን ነገራችሁ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ለካ ሁሉም ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል።

አክስቴም መጣች። ደረቷን እየደቃች!

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ለባትሪው...» አልኳት በጆሮዋ።

«ዝም በል! ሰው ሞቶ ስለ ባትሪ ታወራለህ?»

«ማንም አልሞተም!»

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደንግጠህ ነው። ውኃ ስጡት እስቲ!»

ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። እምቢ ማለት አልችልም ብያችኋለሁ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ተካልኝ እጄን ይዘው ወደ ደረጃው ጥግ ወሰዱኝ። ተቆጥተዋል።

«ስማ አንተ ልጅ! እድር የሚባል ነገር መኖሩን ታውቃለህ? መርዶ እንደ ጋዜጣ እየተሮጠ አይታደልም። መጀመሪያ ለእኛ ይነገራል፤ እኛ ተመካክረን፣ ሰው አዘጋጅተን ነው የምናረዳው። ማን ነው የደወለልህ?»

«ማንም አልደወለልኝም። ባትሪ ልለምን ነው የመጣሁት።»

አዩኝ። ከዚያ ጋሽ ቱሉን አዩ።

«እውነቱን ነው» አሉ ጋሽ ቱሉ ቆባቸውን እያጠለቁ። «ድንጋይ ነው ያለኝ። እኔም ገርሞኝ ነበር።»

አቶ ተካልኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከላይ፣ ክፍት ከተውነው በራችን፣ ጢጥ! የሚል ድምፅ መጣ።

«ያ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ባትሪውን አላወጣኸውም?»

«ለሕይወት አስጊ ነው ይላል።»

ወደ ላይ ወጡ፤ በጥፍራቸው ነቅለው አወጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። ከቁጥር የማይገባ ጊዜ ነው የፈጀባቸው። ያ ነገር ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አለቀ አይደል? አላለቀም!

መርዶ ማርዳት ሥርዓት አለው። መርዶ ማስመለስ ግን ሥርዓት የለውም። አቶ ተካልኝ አቃቂ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ስንት ሰው አርድተዋል፤ «አልሞተም» ብለው ግን አርድተው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ።

«ብርቄ፣ ስህተት ነው። ልጁ ለባትሪ ነው የመጣው። ስለ ሰላም የተሰማ ነገር የለም።»

እትዬ ብርቄ ለቅሷቸውን አቆሙ። ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ተካልኝ፣ ባለቤቴ የሞተ ቀን “ትንሽ አሞት ነው፣ ግሉኮስ ተደርጎለታል” ብለህ ታክሲ ያሳፈርከኝ አንተ አይደለህም?»

አቶ ተካልኝ አንገታቸውን ደፉ። ምን ይበሉ? እሳቸው ናቸው።

የእኛ ነገር ይኸው ነው። ሰው ሲሞት «ደህና ነው» እንላለን። ታዲያ ሰው ደህና ሲሆን ምን እንበል?

ባስተባበልን ቁጥር እሳቸው አመኑ። አክስቴ ስትምል፣ «ልጁን ልታድኚው ነው» አሏት። ጋሽ ቱሉ ሲምሉ፣ «አንተም ተመክረህ ነው» አሏቸው። ጥቁር ለበሱ። እድሩ ድንኳን አልተከለም፤ ለማን ይተከል? እሳቸው ግን «ልጄን ድንኳን እንኳ ነፈጋችኋት» ብለው ሌላ ለቅሶ ጀመሩ።

ጎረቤቱ ተራ በተራ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ግን ምን ብሎ? «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ካለ አረዳ ማለት ነው። ካላለ ደግሞ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ገባ ማለት ነው። አንዱ ሰውዬ ግራ ገብቶት «እንኳን አደረሰዎት» ብሎ ተቀመጠ። ምን እንዳደረሳቸው ማንም አልጠየቀውም።

እኔስ? እኔ ብርጭቆ አጥቤያለሁ። ውኃ በጀሪካን ከታች አመላልሻለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሕፃናቱ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አይደንግጡ!» ይሉኛል። አክስቴም ኢንጂነር ማለቷን ትታለች። «አንተ» ብቻ ሆኛለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ እትዬ ብርቄ ጠሩኝ።

«ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«አንተን አልተቀየምኩህም። እነዚህ ሁሉ ይዋሹኛል። አንተ ልጅ ነህ፣ ውሸት አልቻልክበትም፣ መጥተህ ነገርከኝ። አሁንም ንገረኝ። ታማ ነው? ወይስ... ከፎቅ ነው?»

ከፎቅ ነው ወይ አሉኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ብቻቸውን ሲጠይቁት እንደኖሩ ያኔ ገባኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ በእናቴ እምላለሁ፣ አላውቅም። ትኑር ትሙት አላውቅም።»

አዩኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ሳምንት የተነገረ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር። ሁላችንም «አለች፣ አለች» ስንል ነበር። ማናችን እናውቃለን? ማንም!

«እንግዲያው እወቅልኝ» አሉ።

ደላላውን ደወልኩለት፤ ዘጋብኝ። ደግሜ ደወልኩለት፤ ስለ ትዕግሥት መከረኝ። ፎቶዋን የለጠፍኩት በዚያው ማታ ነው። ኢንቦክሴ ሞላ። ሦስት ሰው «ቆንጆ ናት» አለኝ። አንዱ የሞባይል ካርድ ላክልኝና ላፈላልግልህ አለኝ። (ላክሁለት። አትሳደቡ።) አንዲት እናት ረጅም ጸሎት ላኩልኝ። ሌሊት ሌሊት ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ እየተኛሁ፣ እውነቱ የሚመጣ ከሆነና መጥፎ ከሆነ ለእትዬ ብርቄ ሁለተኛ ጊዜ ማን ሊነግራቸው ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ሐሙስ ማታ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «አውቃታለሁ። በረንዳችን ጎን ለጎን ነው። ልብስ ስናሰጣ እናወራለን። ስልኳን እመቤቷ ቀምታታለች።»

«በሕይወት አለች?» ብዬ ጻፍኩ።

«ዛሬ ጠዋት ምንጣፍ ስታራግፍ አይቻታለሁ።»

ምንጣፍ ስታራግፍ! እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ዓረፍተ ነገር አንብቤ አላውቅም።

እየሮጥኩ ወርጄ ለእትዬ ብርቄ አነበብኩላቸው። ስልኬን ገፋ አደረጉት። «ይህ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ማንም ይጽፋል።»

ስለዚህ ድምፅ ያስፈልጋል። ልጅቷ ዘዴ ፈጠረች። ቅዳሜ ከሰዓት የሁለቱም ቤት ባለቤቶች ይወጣሉ፤ የራሷን ስልክ በፌስታል አድርጋ፣ በመወልወያ እንጨት ጫፍ አንጠልጥላ፣ ከበረንዳ በረንዳ ታቀብላታለች።

ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አቶ ተካልኝ መጡ። አክስቴ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ጋሽ ቱሉ በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ብርቄ ለቅሶ እንደሚቀመጥ ሰው መሬት ላይ ናቸው። አንዴ የማስታወቂያ ሜሴጅ ገብቶ ሁላችንም ብድግ አልን። ሜሴጁ ሽልማት አግኝተሃል ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠራ።

ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«እማ?»

እትዬ ብርቄ ስልኩን አፍጥጠው አዩት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሰላም!»

«አይደለሽም» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ይቺን ደግሞ ከየት አመጣችኋት?»

«እማ ምን ሆነሻል? ቶሎ በይ፣ ስልኩ የሰው ነው!»

«ሰላም ከሆንሽ፣ የሄድሽ ቀን ከቁም ሳጥኔ ምን አወጣሽ?»

ከወዲያ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«የአባዬን ሹራብ» አለች ቀስ ብላ። «አውቀሽ ነበር እንዴ?»

«አውቄ ነበር። ቤሩት ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ከዚያ ወዲህ የተነጋገሩትን አልጽፈውም። የእነሱ ነው። ይህን ብቻ ልንገራችሁ፦ ሰላም አለች። ግን ደህና አይደለችም። ፓስፖርቷ እመቤቷ እጅ ነው። ውሏ ሊያልቅ ገና አንድ ዓመት ከስድስት ወር ይቀረዋል። እንደገና መቼ እንደምትደውል አታውቅም። «መጡ!» አለች፤ ተዘጋ።

ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ተካልኝ መሀረባቸውን አውጥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አክስቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም፣ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት አልተነሱም። እልልታው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ እኔን እያዩ እንዲህ አሉ፦

«አሥር ቀን አለቀስኩ። የሞተ ሰው አይመታም፣ አይራብም እያልኩ ልቤ ማረፍ ጀምሮ ነበር። አሁን ደግሞ እንደ አዲስ መጨነቅ ልጀምር ነው?»

እናንተ ከእኔ የተሻለ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እናትን ከሐዘን አውጥቶ ወደ ጭንቀት የመለሰ ልጅ ይመሰገናል ወይስ ይቅርታ ይጠይቃል?

እትዬ ብርቄ ጥቁሩን ቀሚስ ያወለቁት ሲመሽ ነው። አልጣሉትም። አጣጥፈው ከልብሳቸው ሁሉ በላይ አስቀመጡት። ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.።